በረቱ ከእንጨት ይሠራ ወይስ ከብረት?

በዚህ ሳምንት የምንወያይበት ርእስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት የአናጢና የበያጅ ጉዳይ እንጂ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ጉዳይ አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በወልድያ ከተማ ዳር፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች አንድ ወይም ሁለት ላም እያረባች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ብትጠየቅ፣ ከማድ ቤቷ ቀጥሎ ብዙ ጉልበት የምታፈስበት ቦታ በረት መሆኑን ትናገራለች። ገና ጎሕ ሳይቀድ እበቱን የምትዝቀው፣ ጥጃውን የምታስረውና የምትፈታው፣ ላሟን የምታልበው፣ የማሽላ አገዳውን እየከተፈች ግርግም ውስጥ የምትጨምረው፣ ማታ ደግሞ በሩ መዘጋቱን አይታ የምትተኛው እሷ ናት። አዲስ በረት ሊሠራ ሲታሰብ ግን ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው የሚመክሩት አባወራውና አናጢው ብቻ ናቸው። እናቲቱ የምትጠራው ለሠራተኞቹ ምሳ እንድታቀርብ ነው።

በወሎ ምድር ላም ማለት ወተት ብቻ አለመሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የልጆች ደብተር መግዣ፣ የሕክምና ወጪ መሸፈኛ፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ናት። በ1965ና በ1966፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሀብ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ያጣው ከብቱን እንደ ነበረ ያ ዘመን ያለፈባቸው ወላጆች ያስታውሳሉ። በቅርቡም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ በቆዩባቸው ወራት ብዙ ቤተሰብ ያፈራውን ንብረት አጥቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ ላም የገዛና በረት ለማቆም የተነሣ ቤተሰብ፣ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ስሕተቱን ማረሚያ ሌላ ገንዘብ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ እንጨት ይሻላል ወይስ ብረት የሚለው ጥያቄ ረጋ ብሎ መመርመር ይገባዋል።

ለውይይታችን እንዲመች በመርሳ ከተማ ዳር የምትኖር፣ ቀን ቢሮ ውላ ማታ ቤቷን የምታስተዳድር አንዲት እናት በሐሳባችን እንውሰድ። አንድ ዲቃላ ላም፣ አንድ ጊደርና አንድ ጥጃ አላት። የቀድሞው በረት ምሰሶዎቹ ከሥር በስብሰው አዘንብሏል። ባለቤቷ፣ «ብረት አንዴ ከቆመ ቆመ ነው፤ ሁሉንም በቱቦላሬና በቆርቆሮ እናድርገው» ይላል። አማቷ ደግሞ፣ «ከብት በብረት ቤት አይረጋም፤ አባቶቻችን በእንጨት ነው ያረቡት» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ከንቱ ነገር አይደለም። ሁለቱም ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው የያዙት። ግማሾቹን አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የእንጨት ጥቅምና ጉዳት

በዛሬው ጊዜ በቀላሉ የሚገኘው የግንባታ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ ቶሎ ማደጉና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ማቆጥቆጡ በገበሬውም በከተሜውም ዘንድ ተፈላጊ አድርጎታል። በጓሮው ባሕር ዛፍ ያለው ቤተሰብ ለምሰሶ የሚያወጣው ገንዘብ አነስተኛ ነው። አናጢውም የሰፈር ሰው ነው። አንድ ቋሚ ቢሰበር ያንኑ አንዱን አውጥቶ መተካት ይቻላል። እንጨት እንደ ብረት ሙቀትና ቅዝቃዜን ቶሎ ስለማያስተላልፍ፣ ላሟ ብትደገፈውም ብትታከከውም አይጎዳትም።

ጉዳቱም የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ጠላት ምስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እርጥበት ነው። ምሰሶ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ጫፉ ላይ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት በእግሩ ዙሪያ ነው። በበረት ውስጥ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ሽንትና እበት በየዕለቱ ይፈስበታል። ሦስተኛው ጉዳት ስንጥቁ ነው። በእንጨቱ ስንጥቅና በልጡ ሥር መዥገርና ቁንጫ ይሸሸጋሉ። እናት በረቱን ምንም ያህል ብትጠርግ እነዚህን ከስንጥቅ ውስጥ ማውጣት አትችልም።

ምስጥን በመቋቋም ረገድ ጽድና ወይራ ከባሕር ዛፍ እጅግ ይበልጣሉ። አባቶች የተናገሩለት ዕድሜ ጠገብ በረት የቆመው በአብዛኛው በእነዚህ ነበር። ዛሬ ግን እነዚህ ዛፎች በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት አጸድና በጥቂት ጥብቅ ቦታዎች ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ጽድን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን መከልከሉ የሚታወስ ነው። በመሆኑም «ጽድ ካልሆነ አልሠራም» ማለት ዛሬ አያዋጣም። ይሁን እንጂ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚገኝ ደኅና የጽድ ወይም የወይራ ምሰሶ ካለ ለማገዶ ከመስጠት ይልቅ ለበረቱ ማዋል ብልኅነት ነው።

የባሕር ዛፍ ምሰሶ ዕድሜ እንዲረዝም ሦስት ነገሮች ይደረጋሉ። አንደኛ፣ እንጨቱ እንደተቆረጠ ልጡ ይላጣል። ሁለተኛ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ለሦስት ወር ያህል ይደርቃል። እርጥቡን ያቆሙት እንጨት ከቆመ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ምሰሶው መሬት ውስጥ አይቀበርም። ከመሬት እስከ ጉልበት ቁመት በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ መሠረት ላይ፣ በድንጋዩ ውስጥ በተተከለ ብረት ታስሮ ይቆማል። ያልተቀበረ ምሰሶ ነፋስ እንዳያናውጠው በሰያፍ ማሰሪያ ከጎኑ ጋር መያያዝ እንዳለበት ለአናጢው ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ምስጥን ለመከላከል ብዙ ሰዎች ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በምሰሶው ላይ ይቀባሉ። ላምና ጥጃ ያገኙትን የሚልሱ እንስሳት ናቸው። በተቃጠለ ዘይትና በአንዳንድ አሮጌ ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው ማዕድን ከብትን ይመርዛል። ጥጃ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። በመሆኑም ላሟና ጥጃዋ አፋቸውን በሚያደርሱበት ቦታ ሁሉ ከዚህ ዓይነቱ ቅባት ተጠንቀቁ። የመኪና ባትሪ አሮጌ ዕቃም በበረት ማዕዘን አይቀመጥ።

የብረት ጥቅምና ጉዳት

ብረትን ምስጥ አይበላውም፣ መዥገርም የሚሸሸግበት ስንጥቅ አያገኝም። በውኃ አጥቦ ማጽዳትም ቀላል ነው። በቡሎን የታሰረ የቱቦላሬ በረት ሌላም ጥቅም አለው፤ ተፈትቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ ይችላል። በኪራይ ግቢ ለሚኖር ወይም ቦታውን በቅርብ እለቃለሁ ብሎ ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አሥርና ከዚያ በላይ ላሞች ይዞ ወተት ለመሸጥ የተነሣ ማኅበርም ሰፊ ጣሪያ ያለ ብዙ ምሰሶ ለመዘርጋት ብረት ያስፈልገዋል።

ሆኖም «ብረት አንዴ ከቆመ ቆመ ነው» የሚለው አባባል በበረት ውስጥ አይሠራም። ከሽንትና ከእበት የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥል እንፋሎት አሞኒያ ይባላል። አሞኒያው ከእርጥበት ጋር ተባብሮ ቆርቆሮንም ቱቦላሬንም ያዝጋል። ዝገቱ የሚጀምረው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የብረቱ እግር ሲሆን፣ ሁለተኛው በብየዳ የተያያዘበት ቦታ ነው። በብየዳ ጊዜ የመከላከያው ሽፋን ስለሚቃጠል፣ ያ ቦታ ወዲያውኑ ተጠርጎ የጸረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይበላል። እንግዲህ ብረትም ቢሆን እግሩ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ማለት አለበት፤ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱም ቀለም ይፈልጋል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ደግሞ ጌጁን ጠይቁ። ብዙ እናቶች ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ቆርቆሮ ወፍራም ይመስላቸዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 32ቱ ይወፍራል፤ ባለ 35ቱ ደግሞ ከሁሉም የሳሳ ነው። ስስ ቆርቆሮ ዋጋው ቢረክስም በእጅ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ በነፋስ ይገለበጣል፣ በበረትም እንፋሎት ቶሎ ይበሳል። ምስማሩ የሚመታውም በቆርቆሮው ሸንተረር አናት ላይ፣ ከነጎማው መሆን ይገባዋል። ውኃ በሚወርድበት ሰርጥ ላይ የተመታ ምስማር በመጀመሪያው ክረምት ማፍሰስ ይጀምራል።

ስለ ዋጋም ቢሆን፣ ለብረት ፋብሪካዎቻችን የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የብረት ዋጋ የውጭ ምንዛሪን ተከትሎ ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ያላስተዋለ ቤት ሠሪ የለም። የባሕር ዛፍ ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው የአገር ቤት ገበያ ጉዳይ ነው።

ወልድያና መርሳ አንድ አይደሉም

አሁን ወደ አማቲቱ ንግግር እንመለስ። «ከብት በብረት ቤት አይረጋም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በፀሐይ የዋለ ባዶ ቆርቆሮ በእጅ የማይነካ ትኩሳት ይደርሳል፤ ሙቀቱንም ወደታች በላሟ ጀርባ ላይ ይለቀዋል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ጩኸቱ ያስደነግጣታል። የአገራችን ዝርያ ላም ሙቀትን በደንብ ትችላለች። ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለች ላም ግን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ መብላት ትቀንሳለች፣ ታለከልካለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። ለዲቃላ ላም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ማሰር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው መሆን ነው።

ቦታውንም መለየት ያስፈልጋል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን የምትገኘው ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሁለት ዲግሪና ከዚያ በላይ ልዩነት ይኖራል። ወደ ግራናና ወደ ሐራ ዝቅ ሲባል ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። በመሆኑም የወልድያ ጎረቤት የሠራችውን በረት አይቶ በመርሳ ያንኑ መድገም ስሕተት ነው።

በመርሳና ከዚያ ዝቅ ባለው የሀብሩ ቆላ ግድግዳው ከአንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ባይበልጥና ከዚያ በላይ ያለው ለነፋስ ክፍት ቢሆን ይመረጣል። በወልድያ ግን ብርዱና ነፋሱ አዲስ የተወለደ ጥጃን ስለሚጎዳ፣ ነፋስ የሚመጣበት ጎን እስከ ላይ ይዘጋ፤ በጣሪያው ሥር ግን የአየር መውጫ ይተውለት። በሁለቱም ቦታ የበረቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ የጧትና የማታ ፀሐይ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጣሪያው ዝቅ ባለው በኩል ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ክንድ ያህል የአየር ክፍተት ተትቶ የማሽላ አገዳ በማገር ላይ ቢረበረብ፣ ወይም ቆርቆሮው ከላይ በነጭ ኖራ ቢቀባ፣ ሙቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል። አገዳውን በየዓመቱ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ካልተለወጠ የአይጥና የእባብ መኖሪያ ይሆናል።

ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ

ለጣሪያ ቆርቆሮን የሚያስመርጥ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት አለ። እሱም ውኃ ነው። ይህን ነገር አናጢዎች ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ ውኃ የምትቀዳው እናት ግን ልታነሣው ይገባል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይገኛል። የበረቱ ጣሪያ አምስት ሜትር በስድስት ሜትር፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ደኅና የክረምት ዝናብ 600 ሊትር ይሰጣል። አንድ አምስተኛው በመርጨትና በመፍሰስ ይባክናል ብንል እንኳ 480 ሊትር ይቀራል። ይህም 24 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። የምትታለብ ዲቃላ ላም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ትጠጣለች። እንግዲህ አንድ ዝናብ አንዲትን ላም ስምንት ቀንና ከዚያ በላይ አጠጣ ማለት ነው። እነዚያ 24 ጀሪካኖች ከጣሪያ ባይወርዱ ኖሮ የሚወርዱት ከእናት ወይም ከሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነበር።

ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው አሸንዳና በርሜል ወይም የውኃ ታንከር ብቻ ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይጠራቀም። ውኃው ለከብትና ለበረት እጥበት ነው፤ ለሕፃናት መጠጥ አይሁን። በርሜሉም ልጆች እንዳይወድቁበትና ትንኝ እንዳይራባበት ክዳን ይኑረው። የሣር ክዳን ለላሟ ቀዝቃዛ ጥላ ቢሰጥም ይህን ያህል ንጹሕ ውኃ አይሰጥም፤ ሣሩም ዛሬ ከክዳን ይልቅ ለመኖ ይፈለጋል።

ዋጋው በዓመት ይካፈል

ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ነው። ትክክለኛው መንገድ ግን ዋጋውን በሚያገለግልበት ዓመት ማካፈልና የጥገናውን ወጪ መጨመር ነው። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር እንስጥ። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የእንጨት በረት 60,000 ብር ቢፈጅና 12 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 5,000 ብር ይሆናል። ለጥገና በዓመት 1,000 ብር ቢጨመር 6,000 ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራው 150,000 ብር ፈጅቶ 25 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 6,000 ብር፣ ለቀለም በዓመት 1,000 ቢጨመር 7,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን እንደታየው እጅግ ሰፊ አይደለም። ነገር ግን በኪስ ውስጥ የሚቀረው 90,000 ብር መኖ፣ ክትባትና የሁለተኛ ጊደር መግዣ ሊሆን ይችላል። ለብረቱ ተብሎ ብድር የሚወሰድ ከሆነም ወለዱ ከዋጋው ላይ ይደመር።

በአንጻሩ ምሰሶው እንደ ድሮው በአፈር ውስጥ ተቀብሮ በአምስት ዓመት የሚወድቅ ከሆነ ርካሹ እንጨት ከብረቱ ይልቅ ይወደዳል። 40,000 ብር ቢፈጅና አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 8,000 ብር ነው። የራሳችሁን ገበያ ዋጋ እያስገባችሁ በደብተር ላይ ሒሳቡን ሥሩት። ልጆቻችሁም ቢሠሩት የክፍል ሥራ ይሆንላቸዋል።

ስለ እሳትና ስለ ኤሌክትሪክ

እንጨትና ጭድ ባለበት እሳት ያሰጋል። ብረት ስለማይቀጣጠል ከዚህ አደጋ ፈጽሞ ያድናል ብሎ ማመን ግን አይገባም። ብረት በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ የጭድ ቃጠሎ ደግሞ ይህን ትኩሳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በረቱ ከየትኛውም ዕቃ ቢሠራ መኖው ለብቻው፣ ከበረቱም ከማድ ቤቱም ርቆ ይከመር። ኩራዝና ሻማ ወደ በረት አይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ብረት ሌላም አደጋ አለው። በብረት በረት ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ ሽቦው ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ በረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ላም ከሰው ይልቅ በኤሌክትሪክ ትጎዳለች፤ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ የሚቆም ሕፃንም እንደዚሁ። ስለዚህ የመሬት መስመር ያልተዘረጋለት የብረት በረት ውስጥ አምፖል አይሰቀል። ሥራውም ለባለሙያ እንጂ ለጎረቤት ጎረምሳ አይሰጥ።

እናቲቱ ስትጠየቅ

አሁን ወደ መርሳዋ እናት እንመለስ። አናጢው መጥቶ መለካት ሲጀምር ምሳ ማቅረቡን ትታ አጠገቡ ትቁምና እንዲህ ትጠይቀው፦

«ጋሼ፣ ምሰሶው መሬት ውስጥ ሊቀበር ነው?»

«አዎ እታለም፣ እንደ ወትሮው።»

«የወትሮው ስንት ዓመት ቆየ?»

«አምስት ቢሆነው ነው።»

«ድንጋይ ላይ ቢቆምስ?»

«ይቆማል። ግን ግንበኛ ይፈልጋል፤ ወጪ ይጨምራል።»

«እሱን በዓመት እናካፍለዋለን።»

ይህች እናት፣ ባለቤቷና አማቷ አብረው ቢመክሩ የሚደርሱበት ውሳኔ ይህ ነው። እግሩ ድንጋይ፣ አካሉ በሚገባ የደረቀ እንጨት፣ ራሱ ደኅና ቆርቆሮ ይሁን። ብረት የሚገባው ላም በምትገፋበት፣ በምትታከክበትና በምትሰብርበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ይህም የግርግሙ ፊት አግዳሚና በሩ ነው። ባልየው ብረቱን አገኘ፣ አማቲቱም እንጨቱን አገኙ፤ ላሚቱ ደግሞ ጥላና አየር አገኘች። ምስጥ እጅግ በበዛበት ቦታ ወይም ቦታው ጊዜያዊ በሆነበት ግቢ ግን ወደ ቱቦላሬው ማዘንበል ተገቢ ነው።

ከዕቃው ምርጫ በተጨማሪ በረቱን ለምትጠርገው እናት የሚከተሉትን ነጥቦች አናጢው ሥራ ሳይጀምር እንድታስመዘግብ እንመክራለን።

1ኛ. ወለሉ በድንጋይ ተነጥፎ ወይም በሲሚንቶ ሻካራ ሆኖ ተሠርቶ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያዘንብል። ሽንቱ በቦይ ወጥቶ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይሂድ። ይህ ከሆነ የእንጨቱም የብረቱም እግር ደርቆ ይኖራል፤ የእናቲቱም ወገብ ያርፋል።

2ኛ. ለአንዲት ዲቃላ ላም መቆሚያ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ይሁን። ጠባብ ሲሆን ላሚቱ ላምን፣ አንዳንዴም አላቢዋን ትረግጣለች።

3ኛ. በሩ የእጅ ጋሪ የሚያሳልፍ ሰፊ ይሁን፤ የሚከፈተውም ወደ ውጭ ይሁን። ጋሪ የማይገባበት በረት እበቱ የሚወጣው በእናት እጅ ነው።

4ኛ. በረቱ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጋር አይያያዝ። የሳንባ ነቀርሳና ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋሉና፣ በረቱ ምንም ቢያምር ወተት ሳይፈላ ለልጆች አይሰጥ።

5ኛ. የእንጨቱ ስንጥቅ በጭቃና በኖራ ይመረግ፤ በዓመት አንድ ጊዜም፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ኖራው ይታደስ።

ምክር የሚያስፈልጋችሁ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሉትን የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ጠይቁ። በሀብሩ ምድር የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልና የመርሳ ግብርና ኮሌጅ መገኘታቸውም ለአካባቢው እናቶች መልካም አጋጣሚ ነው። አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የበረት መሥሪያ ገንዘብ የምትልኩ ልጆችም ገንዘቡን ስትልኩ አንድ ጥያቄ አብራችሁ ላኩ፤ «እማማ ምን አሉ?» በሉ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የባለትዳሮች የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ይጻፋል። በደብተሩ ላይ ስሟ የሰፈረ እናት በዚያው መሬት ላይ ስለሚቆመው በረት ድምፅ ልታጣ አይገባም። ድምፅ መስጠቷም ለክብሯ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ኪሳራ መከላከያ ነው። ምሰሶው የት ቦታ እንደሚበሰብስ፣ ጣሪያው ከየት እንደሚያፈስ፣ ላሚቱ በስንት ሰዓት ማለክለክ እንደምትጀምር የምታውቀው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወደዚያ የምትገባው እሷ ናት።

እናቶች ሆይ፣ አናጢው ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት እናንተ ጥያቄያችሁን ዘርጉ። አባወራዎችም፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መጥረጊያ የምትይዘውን እጅ ጠይቁ።